ሞገዱን ማቆም፦ ከጎንደር የጥገና ጠረጴዛ የትሪገር ማስታወሻ

ጥር 14

ጥምቀት አለፈ። የእኔ ሱቅ ግን ሥራ የሚበዛበት አሁን ነው። ከፒያሳ ወረድ ብሎ ባለችው በዚች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሦስት አምፕሊፋየር፣ አራት ሞንታርቦ፣ ሁለት ሪሲቨርና አንድ የተቃጠለ ስታብላይዘር ተደርድረዋል። አምፖቹና ሞንታርቦዎቹ በበዓሉ ሰሞን ሌት ተቀን ሲጮኹ የሰነበቱ ናቸው።

ዛሬ ግን ማስታወሻ እንድይዝ ያደረገኝ ሌላ ነገር ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቴሌቪዥን ሲጠግኑ የኖሩ አንድ አባት ዐይናቸው ደከመና የኤሌክትሪክ ሞገድን በስክሪን ላይ የሚስለውን ኦሲሎስኮፓቸውን ሰጡኝ። "እኔስ በቃኝ፤ አንተ ሥራበት" አሉኝ። ሁለት ቻናል፣ ማለትም ሁለት የሞገድ መግቢያ ያለው፣ እስከ 20 ሜጋኸርዝ የሚያሳይ፣ ባለ ካቶድ ቱቦ የድሮ መሣሪያ ነው። እስከ ዛሬ የምሠራው በቴስተር ነበር። ቴስተር ቮልቱ ስንት እንደሆነ ይነግርሃል። ቮልቱ ምን እንደሚመስል ግን አይነግርህም።

አብርቼ እስኪሞቅ ጠበቅሁት። ከዚያ የቻናል 1ን ፕሮብ (መለኪያ ገመዱን) ፊቱ ላይ ካለው የመፈተሻ ነጥብ ጋር አገናኘሁ። ከዚህ ነጥብ 1 ኪሎኸርዝ የሆነ አራት ማዕዘን ሞገድ ይወጣል። ስክሪኑ ላይ የታየኝ ግን አራት ማዕዘን አይደለም። የሚሮጥ የመስመር ጥልፍልፍ ነው።

ከሰዓት በኋላ እየመጣ የሚያግዘኝ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ። ጎንበስ ብሎ አየና "ጋሼ፣ ተበላሽቷል መሰለኝ" አለ። አልተበላሸም። የትሪገሩ ሶርስ፣ ማለትም ትሪገሩ የሚከተለው ምንጭ፣ ቻናል 2 ላይ ነበር የተቀመጠው። ቻናል 2 ላይ ደግሞ ምንም አልተሰካም። ወደ ቻናል 1 መለስኩት። የሌቭሉን ቁልፍ ወደ መሐል አመጣሁ። ሞገዱ ቀጥ አለ። ልክ በወረቀት ላይ የተሳለ ይመስላል።

ልጁ "ምን አደረግህ?" የሚል ዐይን ነበረው፤ ቁጭ ብለን አወራን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቱቦው ውስጥ ያለው የኤሌክትሮን ጨረር ከግራ ወደ ቀኝ እየሮጠ ይስላል። ቀኝ ጫፍ ሲደርስ ወደ ግራ ተመልሶ እንደገና ይስላል። በሰከንድ መቶ ጊዜ፣ ሺህ ጊዜ። እኛ የምናየው የነዚያን ሁሉ ሥዕሎች ድርብርብ ነው። ሁሉም ከሞገዱ አንድ ዓይነት ቦታ ላይ ከጀመሩ እርስ በርስ ይገጥማሉ። አንዱ ከጉብታው፣ ሌላው ከጎድጓዳው ከጀመረ ግን ሥዕሉ ይሮጣል ወይም ይደበላለቃል። ትሪገር ለጨረሩ "አሁን ጀምር" የሚለው ክፍል ነው።

ለልጁ በማሕሌት አስረዳሁት። የጎንደር ልጅ ነው፤ አቋቋም እያየ ነው ያደገው። ሊቃውንቱ ሲያሸበሽቡ መቋሚያውም ጸናጽሉም የሚከተለው ከበሮውን ነው። ዐይንህን ጨፍነህ፣ ትልቁ ምት በተሰማህ ቁጥር ብቻ ለቅጽበት ብትገልጥ፣ መቋሚያዎቹን ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ታያቸዋለህ። እንዳሻህ ብትገልጥ ግን አንዴ ላይ ናቸው፣ አንዴ ታች። "ስለዚህ የሚቆመው ሞገዱ ሳይሆን የእኛ አጀማመር ነው" አለ። ገብቶታል።

ይህ ነገር ሁልጊዜ እንዲህ ቀላል አልነበረም። ካርል ፈርዲናንድ ብራውን የካቶድ ጨረር ቱቦውን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የብዙዎቹ መሣሪያዎች ጨረር በራሱ ያለማቋረጥ ይመላለስ ነበር። ሠራተኛው የጨረሩን ፍጥነት ከሞገዱ ጋር በእጁ እያስማማ ያሳድደዋል። ሞገዱ ፍጥነቱን ትንሽ ከቀየረ ሥዕሉ አመለጠ። ምልክቱ ራሱ ጨረሩን እንዲያስነሣ የማድረጉን አሠራር በስፋት ያስለመደው ቴክትሮኒክስ እ.ኤ.አ. በ1947 ያወጣው 511 የተባለው ሞዴል ነው። እነዚያን ያለ ትሪገር የሠሩ ሰዎች ሳስብ ትዕግሥታቸው ይደንቀኛል።

ጥር 15

ዛሬ የሰው ዕቃ አልነካሁም። ቁልፎቹን አንድ በአንድ መልመድ ፈለግሁ።

ትናንት የተጠቀምኩበት አራት ማዕዘን ሞገድ ሌቭልን አያስተምርም። ጠርዙ ቀጥ ያለ ስለሆነ ሌቭሉን ከፍ ብታደርገውም ዝቅ ብታደርገውም መጀመሪያው ያው ነው። ስለዚህ ከ220 ወደ 12 ቮልት የሚቀንስ ትንሽ ትራንስፎርመር አወጣሁ። ከሁለተኛው ጥቅል የሚወጣው የመብራት ኃይል ሞገድ ነው፤ 50 ኸርዝ፣ አንዱ ዙር 20 ሚሊ ሰከንድ። ቴስተር 12 ቮልት የሚለው ሞገድ ጫፉ ወደ 17 ቮልት ይደርሳል። የጨረሩን ፍጥነት የሚወስነውን ታይም፣ ስክሪኑ ላይ ለተሰመረው አንድ ሳጥን 5 ሚሊ ሰከንድ ላይ አደረግሁት። አስሩ ሳጥን 50 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ሁለት ዙር ተኩል ይታያል።

አሁን ሌቭሉን በቀስታ ወደ ላይ ሳዞር የሥዕሉ ግራ ጫፍ በሞገዱ ሽቅብ ላይ እየወጣ ሄደ። ዜሮ ላይ፣ 5 ቮልት ላይ፣ 10 ቮልት ላይ። ሌቭል ማለት "ቮልቱ እዚህ ከፍታ ሲደርስ ጀምር" ማለት ነው። ግን ሞገዱ ያንን ከፍታ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ያልፋል። አንዴ ሲወጣ፣ አንዴ ሲወርድ። የትኛው ይሁን የሚለውን የሚመልሰው ስሎፕ ነው። ፕላስ ላይ ሲሆን ሥዕሉ በዳገት ይጀምራል፤ ማይነስ ላይ ሲሆን በቁልቁለት። ሌቭልና ስሎፕ አንድ ላይ አንዲት ነጥብ ይመርጣሉ።

ቀጥሎ ሌቭሉን ከ17 ቮልት በላይ አሳለፍኩት። ሞገዱ ሮጠ። ሞዱ ኦቶ ላይ ነበር። ወደ ኖርማል ስለውጠው ስክሪኑ ጨለመ። ልጁ ደነገጠ፤ እጁን ወደ ብርሃን ማስተካከያው ሰደደ። ያዝኩት።

ይህች ጨለማ ብዙ ሰው የምታሳስት ይመስለኛል። ኦቶ ለጥቂት አሥር ሚሊ ሰከንዶች ጠብቆ ትሪገር ካላገኘ ዝም አይልም፤ በራሱ ይስላል። ሥዕሉ ይሮጣል እንጂ አይጠፋም። ኖርማል ግን የተባለውን ነጥብ እስኪያገኝ ድረስ ምንም አይስልም። ስለዚህ ጨለማው ራሱ መልስ ነው፦ "ያልከኝን ነገር አላየሁትም" እያለህ ነው። እኔ ሁልጊዜ በኦቶ እጀምራለሁ፤ ፕሮቡ መያዙን፣ ቮልቱ ስክሪኑ ውስጥ መሆኑን አያለሁ። ከዚያ ካስፈለገኝ ወደ ኖርማል እሄዳለሁ።

ጥር 17

የመጀመሪያው እውነተኛ ሥራ። አንደኛው አምፕ ድምፁ ተቀንሶ እንኳ "እምምም" ይላል። ባለቤቱ "ከበዓሉ ዋዜማ ጀምሮ ነው" ብሎኛል።

ፕሮቡን የስፒከሩ መውጫ ላይ አደረግሁ። ሞገዱ ትንሽ ነው፤ ወደ 50 ሚሊ ቮልት። ላዩ ደግሞ በሽሽታ ድምፅ የተሸፈነ ነው፤ እንደ ጠጉራም ክር ይመስላል። ሶርሱ ቻናል 1 ስለሆነ ትሪገሩ አንዴ ጉብታውን፣ አንዴ አንዷን የጠጉር ጫፍ ይይዛል። ሥዕሉ ግራ ቀኝ ይርገበገባል። ሌቭሉን ብነካካ ለውጥ የለም።

እዚህ ላይ ነው ላይን የሚለው ሶርስ ውለታ የዋለልኝ። ላይን ላይ ሲሆን ኦሲሎስኮፑ የሚጀምረው በምትለካው ምልክት አይደለም። ራሱ በተሰካበት የመብራት ኃይል ነው። ለወጥኩት። እምምታው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ጠጉሩ ብቻ በላዩ ይዋልላል። ይህ ራሱ ምርመራ ነው። በላይን የቆመ ነገር ከመብራት ኃይል ጋር ዝምድና አለው ማለት ነው።

ከዚያ ቆጠርኩ። በ20 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ሁለት ጉብታ። 100 ኸርዝ ነው። አንድ ጉብታ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ 50 ኸርዝ ማለት ነውና፣ ገመዱን ወይም የመሬት መስመሩን እጠረጥር ነበር። ሁለት ጉብታ ግን የሞገዱን ታችኛ ግማሽ ወደ ላይ የሚገለብጡትን አራቱን ዳዮዶች አልፎ የመጣ ነው፤ ከእነሱ ቀጥሎ ያለው ማጣሪያ ካፓሲተር ሥራውን አልሠራም።

ፕሮቡን ወደ ኃይል መስመሩ አዞርኩ። 42 ቮልት ዲሲ አለ። በላዩ የተጫነውን ትንሽ ሞገድ ለማየት የቻናሉን መግቢያ ኤሲ ላይ አደረግሁት፤ ያኔ 42ቱ ውጭ ይቀራል፣ ሞገዱ ብቻ ይገባል። ከጫፍ ጫፍ 3 ቮልት ያህል የመጋዝ ጥርስ ታየኝ። ስከፍተው አንደኛው ባለ 10,000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አናቱ አብጧል። ሁለቱንም ቀየርኩ። አንዱን ብቻ መቀየር የማያዋጣ ቁጠባ ነው። ጥርሱ ወደ 0.2 ቮልት ወረደ፤ እምምታው ጠፋ።

ጥር 18

ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። የአምፑ ባለቤት ዛሬ ሊወስደው ቀጠሮ ነበረን፤ እኔ ደግሞ አንድ ጊዜ ድምፁ ከፍ ብሎ ሲሠራ ማየት ፈልጌያለሁ። ከባትሪ የሚሠራው የእኔ ኢንቨርተር አምፑን አይችለውም። ጎረቤት ያለው ዳቦ ቤት ጀነሬተር አስነሥቶ ስለነበር ለምኜ ገመድ ሳብኩ። አምፑ በጀነሬተር፣ ኦሲሎስኮፑ በኢንቨርተር። የፕሮቡን የመሬት መቆንጠጫ ከማሰሬ በፊት በሁለቱ መሬቶች መካከል ያለውን ቮልት በቴስተር ለካሁ። ምንጫቸው ሁለት ሲሆን ይህን ሳያደርጉ መቆንጠጥ አይገባም።

በኃይል መስመሩ ላይ የቀረው ትንሽ ጥርስ ትናንት ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር፤ ዛሬ ወደ ግራ ይንሸራተታል። ሶርሱ ያው ላይን ነው። ምንም አልነካሁም።

ለትንሽ ጊዜ ግራ ገባኝ። ከዚያ በራልኝ። ላይን የሚለው ኦሲሎስኮፑ የተሰካበትን ኃይል ነው እንጂ አምፑ የተሰካበትን አይደለም። ኢንቨርተሩ በራሱ 50 ኸርዝ ይመታል። ጀነሬተሩ ደግሞ ሞተሩ በዞረበት ልክ። ሥዕሉ በሰከንድ አንድ ሙሉ የመብራት ዙር (ሁለት ጉብታ) ያህል ይንሸራተት ስለነበር ጀነሬተሩ በ1 ኸርዝ ያህል ይፈጥናል ማለት ነው። ዳቦ ቤቱ ማቡኪያውን ሲያስነሣ ሞተሩ ደከም አለ፤ ሥዕሉም ዞሮ ወደ ቀኝ መንሸራተት ጀመረ። ማቡኪያው ሲቆም እንደገና ወደ ግራ። ልጁ እየሳቀ "ሊጡን እያየነው ነው" አለ። እውነቱን ነው።

መፍትሔው ወደ ቻናል 1 መመለስ ነው። ጠጉሩ እንዳያሳስተው የትሪገሩን ካፕሊንግ ኤችኤፍ ሪጀክት ላይ አደረግሁ። ይህ ወደ ትሪገሩ የሚሄደውን ፈጣን ነገር ያጣራል፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ሞገድ ግን አይነካውም። ጠጉሩ አሁንም ይታያል፤ ትሪገሩ ግን አያየውም። ሥዕሉ ቆመ። አምፑ ወደ ቤቱ ሄደ።

ጥር 19

ሪሲቨር። ይበራል፣ ይጠፋል፣ ይበራል። ፓወር ሰፕላዩን ለብቻው አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አደረግሁት።

በመጀመሪያ ይህን ልጻፍ፤ ዋዛ አይደለምና። የፕሮቡ የመሬት መቆንጠጫ ከኦሲሎስኮፑ አካልና ከግድግዳው መሬት ጋር የተገናኘ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ፓወር ሰፕላይ የ220 ቮልቱ ወገን ላይ መቆንጠጫውን ማሰር ማለት መብራት ኃይሉን ከመሬት ጋር ማጋጨት ነው። ዳዮዱ ይፈነዳል፣ ፕሮቡ ይቃጠላል፣ ሰውም ሊጎዳ ይችላል። ዕቃውን ከመብራት ኃይሉ በሚለይ ማግለያ ትራንስፎርመር ሳልሰካ ያንን ወገን አልነካውም። እኔ ማግለያ የለኝም። ስለዚህ የለካሁት ከትንሹ ትራንስፎርመር ወዲህ፣ በ12 ቮልቱ ወገን፣ ከዳዮዱ በፊት ያለውን ነጥብ ነው።

ሥዕሉ እምቢ አለ። ለካ ትናንት የተውኩት ኤችኤፍ ሪጀክት እንዳለ ነው። ለ100 ኸርዝ የጠቀመው ማጣሪያ ለዚህ ፈጣን ሞገድ እንቅፋት ነው። ሁሉንም ወደሚያሳልፈው ዲሲ መለስኩት። አሁን ሞገዱ ታየ፤ አንዱ ዙር 15 ማይክሮ ሰከንድ ተኩል ያህል፣ ማለትም ወደ 65 ኪሎኸርዝ። ግን ድርብ ነው። አንዱ በሌላው ላይ ትንሽ ፈንጠር ብሎ ተነባብሯል።

ጠጋ ብዬ ሳየው ከእያንዳንዱ ጠርዝ በኋላ ሞገዱ እንደ ተመታ ደወል ይርገበገባል። ሌቭሌ ያረፈው እዚያ መርገብገቢያ ውስጥ ነው። ትሪገሩ አንዴ ዋናውን ጠርዝ፣ አንዴ ከመርገብገቢያው አንዱን ይይዛል። ሌቭሉን መርገብገቢያው ወደማይደርስበት ከፍታ አወጣሁት። ድርቡ ጠፋ።

አሁንም ግን በየመሐሉ ዘለል ይላል። ሌቭሉን፣ ስሎፑን፣ ሁሉንም ሞከርኩ። ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ጥፋቱ ግን ከትሪገሩ አልነበረም። ፓወር ሰፕላዩ ለብቻው ነው፤ የሚመግበው ነገር የለም። ጭነት ሲያጣ ደግሞ ጥቂት ምት ይመታና ያርፋል፣ እንደገና ይመታል። ምልክቱ ራሱ ወጥ አይደለም። አንድ ትንሽ የባጃጅ አምፖል በ12 ቮልቱ ላይ ጭነት አድርጌ ሰካሁ። አምፖሉ በራ፤ ሞገዱም ቆመ። አምፖሉን ነቀልኩ፤ ዘለለ። ደግሜ ሰካሁ፤ ቆመ።

ይህን በትልቁ ጻፍኩት፤ ትሪገሩን ከመክሰስህ በፊት ምልክቱ የሚደጋገም መሆኑን ጠይቅ።

የሪሲቨሩ ብልሽት ከዋናው ቦርድ ነው፤ ፓወር ሰፕላዩ ደኅና ነው።

ጥር 22

ትናንት አስተርእዮ ማርያም ነበረች፤ ሱቅ አልከፈትኩም።

ዛሬ ሁለተኛው ሪሲቨር። ሪሞት አይሰማም። ሪሞቱ ነው ወይስ ተቀባዩ? ፊት ለፊት ያለው ባለ ሦስት እግር የሪሞት ተቀባይ ላይ ፕሮቡን አደረግሁ። መውጫው ዝም ሲል 5 ቮልት ላይ ይቀመጣል፤ ምልክት ሲመጣ ወደ ዜሮ ይወድቃል። ስለዚህ ስሎፕ ማይነስ፣ ሌቭል 2.5 ቮልት አካባቢ፣ ካፕሊንግ ዲሲ።

ቁልፉን ተጭኜ ያዝኩ። ኦቶ ላይ ጠፍጣፋ መስመር ታየ፤ በመሐሉ አንዳንድ ቁራጭ ብልጭ ይላል። ይህ ሪሞት ኤንኢሲ የሚባለውን አላላክ የሚጠቀም ነው። መጀመሪያ ሙሉውን ትእዛዝ አንዴ ይልካል። ቁልፉን ይዘህ ከቆየህ ደግሞ በየ108 ሚሊ ሰከንዱ አንዲት አጭር "እንደያዘ ነው" የምትል ምልክት ብቻ ይደጋግማል። ኦቶ 108 ሚሊ ሰከንድ የመጠበቅ ትዕግሥት የለውም። በመሐሉ ባዶ መስመር ይስልበታል። ወደ ኖርማል ለወጥኩ። ባዶው መስመር ጠፋ፤ ምልክቷ ብቻ ቀረች፣ በሰከንድ ዘጠኝ ጊዜ ያህል ብልጭ እያለች። መጋረጃውን ጋረድን።

ግን ሁለት ሥዕል ተነባብሯል። በአንደኛው መስመሩ ለ9 ሚሊ ሰከንድ ዜሮ ላይ ይተኛል። በሌላኛው ግማሽ ሚሊ ሰከንድ ያህል ወርዶ ወዲያው ይመለሳል። ታይሙ በአንድ ሳጥን 1 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ጨረሩ በ10 ሚሊ ሰከንድ ይጨርሳል። ምልክቷ ግን እንዲህ ናት፦ 9 ሚሊ ሰከንድ ዝቅ፣ 2.25 ሚሊ ሰከንድ ከፍ፣ ከዚያ አጭር ዝቅታ። አጭሯ የምትጀምረው 11.25ኛው ሚሊ ሰከንድ ላይ ነው። ጨረሩ ጨርሶ ተዘጋጅቶ ሲጠብቅ እሷን አገኘና በእሷም ጀመረ።

ልጁ ቀደመኝ። "ጋሼ፣ ይኼ እኮ የከበሮው ትንሹ ምት ነው" አለ። እውነት ነው። ከበሮ ሰፊ አፍም ጠባብ አፍም አለው። በሁለቱም ምት ዐይንህን ከገለጥክ መቋሚያዎቹን ሁለት ቦታ ታያቸዋለህ። ከትልቁ ምት በኋላ ትንሹ እስኪያልፍ ጆሮህን መድፈን አለብህ። ሆልድኦፍ የሚሠራው ይህንን ነው፤ ጨረሩ ከጨረሰ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ትሪገሩን ያደነቁረዋል። ቁልፉን ከዝቅተኛው ቦታ ጥቂት ዞር አደረግሁት። አጭሯ ሥዕል ጠፋች። 9 ሚሊ ሰከንዱ ብቻ ቀረ።

ታይሙን 2 ሚሊ ሰከንድ ብናደርገውም ያው ውጤት ይገኝ ነበር፤ ጨረሩ 20 ሚሊ ሰከንድ ስለሚፈጅ አጭሯ በሥዕሉ ውስጥ ትገባለች። አድርገን አየነው። ሆልድኦፍን ሲጨርሱ ወደ ዝቅተኛው መመለስ ነው፤ ሳይመልሱት ቢቀሩ ሌላ ቀን ሥዕሉ ያለ ምክንያት ይደበዝዛል።

ሪሞቱም ተቀባዩም ደኅና ናቸው። ከተቀባዩ ወደ ቦርዱ የሚሄደው አንድ ብየዳ ተሰንጥቋል። በሁለት ደቂቃ አለቀ።

ጥር 24

የመጨረሻው አምፕ ስቴሪዮ ነው። ግራው ደኅና፣ ቀኙ የታፈነ። ሁለቱን ቻናል በአንድ ጊዜ ተጠቀምን፤ ግራው ቻናል 1፣ ቀኙ ቻናል 2። ለሁለቱም መግቢያ 1 ኪሎኸርዝ ምልክት ከስልክ ሰጠን።

ልጁ ሶርሱን አልተርኔት ላይ አድርጎት ነበር። ሁለቱም ሞገዶች ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ጉብታቸውም ትይዩ ነው። ደስ አለው። ግን እንዲህ ሲሆን እያንዳንዱ ቻናል የሚጀምረው በራሱ ምልክት ነው። አንዱ ከሌላው ቢዘገይ እንኳ አይታወቅም፤ ሁለቱም ከየራሳቸው መነሻ ይሳላሉ። ሁለት የማይዛመዱ ምልክቶችን ለማየት ይጠቅማል። ለማወዳደር ግን ይዋሻል። ሶርሱን ቻናል 1 ላይ ብቻ እንዲያደርገው ነገርኩት። ወዲያው የቀኙ ሞገድ ከግራው ወደ ኋላ ሸርተት ብሎ ታየ። መዘግየቱ ከታፈነው ድምፅ ጋር ይሄዳል፤ ቀኙ መንገድ ላይ ቀጭኑን ድምፅ የሚበላ አንድ ነገር አለ።

ሰዓቱ መሸ። ነገ ፕሮብ 1 ግራው ላይ እንዳለ ይቆያል፤ በፕሮብ 2 ቀኙን ከመግቢያው ጀምረን ደረጃ በደረጃ እንከተለዋለን። ሸርተቴው የጀመረበት ቦታ ላይ ያለው ካፓሲተር ነው የሚቀየረው።